ማን ያድራል? የአንድ የቱሉ ዲምቱ እድር ጉዳይ

የእድራችንን ደንብ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች ጥፋት ካያችሁ አብዛኛው የኔ ነው።

እድሩ ያለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚንየም ውስጥ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አደባባይ ብዙም አይርቅም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ አሁን ግን ኮረብታውን ሕንፃ ውጦታል። ነዋሪው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። መሀል ከተማ የነበረ ሠፈሩ ፈርሶበት የመጣ አለ። ዕጣ ወጥቶለት የገባ አለ። ዛሬ ታይቶ ነገ ዕቃውን አይሱዙ ላይ የሚጭን ተከራይም አለ። ብዙ አባወራ የድሮ ሠፈሩን እድር እስከ ዛሬ ይከፍላል። አንድ ጎረቤቴ "የምኖረው እዚህ ነው፣ የምሞተው ግን ቂርቆስ ነው" እያለ ይቀልዳል።

ስለዚህ አዲስ እድር ማቋቋም ቀላል አልነበረም። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ደረጃ ይወጣል፣ አንድ ድንኳን ይጋራል። ጥሩምባ ነፊ የለንም፤ ጥሩምባችን ቴሌግራም ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የጋራ መገልገያው ሕንፃ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ዳኛው ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ገንዘብ ያዥ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. እኔ ተመረጥኩ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ የምሠራው ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል። "እሱ ያውቅበታል" ተባለ። እኔም አመንኩ።

ሥራውን ስረከብ ሦስት ቅሬታ ጠበቀኝ።

የመጀመሪያው የቀሪ ነገር ነው። ደንቡ ቀብር ያልሄደ፣ ድንኳን ያልተቀመጠ ሰው በወሩ ስብሰባ ተነስቶ ምክንያቱን ይናገር ይላል። "ፈረቃ ገብቼ ነው"፣ "ልጄን አሞብኝ ነው"፣ "አልሰማሁም"። ዳኛው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ ይቀልዳሉ፣ አንዳንዴ ይቆጣሉ። አንድ ሰዓት እዚያ ላይ ያልቃል። ወጣቱ ይሰለቻል፣ ያፍራልም። ሁለተኛው የሴቶቹ ነው። ለቅሶ በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት አምስት እንጀራ ያዋጣል። ንፍሮ ቅቀላው፣ ወጥ ሥራው፣ ዕቃ ማጠቡም የነሱ ነው። ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ተቀማጩ በተንቀሳቃሽ ሒሳብ ያለ ወለድ ተኝቷል፤ የዋጋ ንረት በየወሩ ይበላዋል።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ያልመጣ ሰው 50 ብር በቴሌብር ይክፈል፤ ምክንያት አይጠየቅ። የእንጀራ መዋጮው ይቅር፤ ምግብ የሚያቀርብ ሰው በክፍያ ይያዝ። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ብር ከፍ ይበል። ተቀማጩ ወለድ ወዳለው የቁጠባ ሒሳብ ይዙር። ታኅሣሥ 2016 ላይ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። አንድ ሐጂ ብቻ በወለዱ ጉዳይ እጃቸውን አላወጡም። "እኔ ስሞት በወለድ ብር እንዳትቀብሩኝ" ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ "አንድ ድምፀ ተአቅቦ" ብዬ ጻፍኩ።

ስድስት ወር ሁሉም ነገር አማረ። ስብሰባ በ40 ደቂቃ ያልቃል። መዝገቡ ጥርት ያለ ነው። የቅጣት ገቢ ከወር ወር ጨመረ፤ በሪፖርቴ "አበረታች" ብዬ አቀረብኩት። ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ቅጣት በዛልኝ ብሎ የሚደሰት እድር ገና ዛሬ አየሁ" አሉ። ቀልድ መሰለኝ።

ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ባልና ሚስት ቤቴ መጡ። ሁለቱም መሀል ከተማ ይሠራሉ፤ ማልደው ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። በትሕትና የጠየቁኝ የዓመቱን ቅጣት አንድ ላይ አስቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ነው። ቅናሽ ካለም ጥሩ። እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄው አላስደነገጠኝም። በዓመት ስንት ለቅሶ እንደሚኖር ገምቼ ማስላት ጀምሬ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ከኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አንዲት እናት ዐረፉ። ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ቴሌግራሙ ጮኸ። በ20 ደቂቃ ውስጥ "ነፍስ ይማር" የሚል መልእክት ስልኬን ሞላው። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የ50 ብር ክፍያዎች መግባት ጀመሩ። ሟች ገና ሳይቀበሩ ቀሪው ቅጣቱን ከፍሎ ጨርሷል።

ለቀብር የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከግማሽ በላዩ ባዶ ሄደ። ሲመለሱ ምግቡ በሰዓቱ ደርሷል፤ ጣዕሙም ጥሩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ዝናብ ነው። ማታ ላይ ዳኛውና እኔ ብሩን በፖስታ ይዘን ወደ ልጅቷ ሄድን። ተቀበለችን፤ ሳትከፍተው ነጠላዋ ሥር አስገባችው። ከዚያ ወንበሮቹን አየችና "ማን ያድራል?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። ደንቡ ስለ ማደር አንድም ቃል የለውም። የድሮውም አልነበረውም። ማንም ሳይጽፈው ሰው ያድር ነበር።

በዚያች ሌሊት ያደርነው አምስት ነን። ዳኛው፣ ሐጂው፣ አንድ ወጣት ዲያቆን፣ እኔ፣ ደግሞም የሃይማኖት ጥናት የሚያስተምር የብሎኬ ሰው። መምህር እያልን ነው የምንጠራው። ቆሎ አለ፣ ሻይ አለ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ራሴን ለመከላከል ይሆናል፣ ስለ ደንቡ ማስረዳት ጀመርኩ። መምህር ሲሰማኝ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ስታሰላ ቀብር መሄድን የት ዓምድ ውስጥ ነው ያስገባኸው?"

"ወጪ ውስጥ" አልኩት። ሌላ የት ሊገባ? የሥራ ሰዓት ይባክናል፣ ትራንስፖርት አለ፣ ድካም አለ።

"ማን ነው ወጪ ነው ያለህ?"

ይህ ጥያቄ ለወራት አልለቀቀኝም። ስለ እድር የማውቀውን ያወቅሁት ከኢኮኖሚስቶች ነው። ስቴፋን ዴርኮንና አሉላ ፓንክረስትን ጨምሮ የተወሰኑ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት እንደ መድን ተቋም ተንትነዋል። ጥሩ ሥራ ነው። እድር ዝም ብሎ ልማድ ሳይሆን የአባላት መዝገብ፣ የተጻፈ ደንብና መዋጮ ያለው ነገር መሆኑን ያሳያል። ችግሩ የኔ ነው። "እንደ መድን ሊታይ ይችላል" የሚለውን "መድን ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው" ብዬ አነበብኩት። መድን ከሆነ ደግሞ ዋናው ካሣው ነው። ሰው መምጣቱ የአስተዳደር ወጪ ይሆናል። ወጪ ደግሞ ይቀነሳል።

መምህር ስብከት አልሰበከኝም። ሙያው ስለ እግዚአብሔር መኖር አለመኖር አይከራከርም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ማኅበረሰብ "ይህ በሌላ አይተካም" ብሎ የለየው ነገር ምንድን ነው? ሳይነገር ሁሉም የሚያምነው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ብቻ ለምን እንተወዋለን፤ ለኢኮኖሚክስም እንጠይቀው ነው የሚለው።

እኔ በተማርኩት ትምህርት ሁሉ ነገር ተተኪ አለው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ሊዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ኢኮኖሚክስን ሲበይን ሰው ያሉትን ግቦች፣ ለተለያየ ጥቅም ሊውሉ ከሚችሉ እጥረት ካለባቸው ነገሮች ጋር የሚያገናኝበትን ባሕርይ የሚያጠና ሳይንስ ነው አለ። ብያኔው ዛሬም በየክፍሉ ይነበባል። ሰዓቴ እጥረት ያለበት ነገር ነው፤ ለቢሮም ለድንኳንም ሊውል ይችላል። እስከዚህ እውነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ሹልክ ብሎ ይገባል። በድንኳን ያጠፋሁትን ሰዓት 50 ብር ይተካዋል የሚል። ይህን ማንም አላስረዳኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አብሬው ነበር ያደግሁት።

በዩኒቨርሲቲ የቆየ ወረቀት አንብበን ነበር። ኮሪ አዚና ሮናልድ ኤረንበርግ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ሰዓት በቀመር አስቀምጠውታል። ከጥቅሞቹ አንዱ ከሞት በኋላ የሚገኝ ፍጆታ ነው። ያን ጊዜ በጣም ረቂቅ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ለመምህር ስነግረው ቆሎው ትን እስኪለው ሳቀ። "ገነትንም ሱቅ አደረጋችሁት!" ሲረጋጋ ግን ቁም ነገር ተናገረ። ያ ቀመር ስለ ምእመናኑ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጸሐፊዎቹ የሚነግረን ይበልጣል። ብቻውን የሚመርጥ ሰው፣ ፍላጎቱን ከቤቱ ይዞ የመጣ ሰው። ያ ሰው ከየት መጣ? ማን አለቀሰለት? ማን ይቀብረዋል?

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኤሚል ዱርኬም ይህን እ.ኤ.አ. በ1912 በሐዘን ሥርዓት ላይ ነክቶታል። ሐዘን የተጎዳ ሰው ውስጣዊ ስሜት በራሱ ገንፍሎ መውጣቱ ሳይሆን ማኅበሩ የሚጥለው ግዴታ ነው ይላል። ሲሰሙት ይቀፋል። ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ግን ያውቀዋል። ድንኳን የምንገባው አዝነን ብቻ አይደለም። ያላዘነውም ይገባል፤ ገብቶም ያዝናል። ሟችን አንድ ቀን እንኳ አናግሯቸው የማያውቅ ተከራይ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ፣ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ የሠፈሩ ሰው ሆኗል። እኔ በ50 ብር የሸጥኩት ይህን ነው። ከየሠፈሩ ተነቅሎ በመጣ ሕዝብ መካከል፣ ሠፈር የሚፈጠርባትን ብቸኛ ሰዓት።

በዚያው ሌሊት ስለ ብድርም አውርተናል። እኔ በሥራዬ ከብድር ጋር ውዬ አመሻለሁ። የተሰጠው ይመለሳል፤ መልሱ በተስማማንበት ቀን፣ በተስማማንበት መልክ። ሌላው ፈረንሳዊ አጥኚ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ሲጽፍ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ ሦስት ግዴታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህ ብቻ ካየነው እድርም ብድር ነው። ግን ለቅሶ ደርሶ የሚወጣውን ሰው ሐዘንተኛው ምን ይለዋል? "ብድራችሁን በደስታ ያስመልሰን" ይለዋል። እስቲ አስቡት። ተበዳሪው ብድሩ በዚያው ዓይነት እንዳይመለስ ይመርቃል። አበዳሪውም አሜን ይላል። ለቅሶ ለደረሰልኝ ሰው በሠርጉ እጨፍርለታለሁ እንጂ ለቅሶ ልመልስለት አልመኝም። ብድር ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ውል የሚሞላበት ፎርም የለንም።

ሐጂው እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ወለድ ሲነሣ ግን ገቡበት። መምህር ቃሉን ያዘ። ወለድ የመጣው ከወለደ ነው፤ ብር ብርን ወለደ። በጥንቱ ግሪክም ቶኮስ የሚለው ቃል ልጅንም ወለድንም ይጠራ ነበር፤ አርስቶትል ወለድን ከተፈጥሮ ውጭ ነው ብሎ የተቃወመው በዚሁ ምሳሌ ነው። እኔ "የገንዘብ የጊዜ ዋጋ" ብዬ የተማርኩት ነገር ለብዙ ዘመን ለብዙ ሕዝብ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። መልሴ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጥያቄ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። የሐጂውን እምነት "ድምፀ ተአቅቦ" ያደረገብኝ ይኸው ነው። የሳቸው እምነት ነው፣ የኔ ግን ዕውቀት ነው ብዬ ነበር።

ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዲያቆኑ ዳዊቱን አወጣ። ለሟች ይደግማል። በአማርኛው ነበር የሚያነበው፣ ዳኛው እንዲሰሙ። አሥራ አራተኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ ሁላችንም ቀና አልን። "አቤቱ፥ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?" ይላል መጀመሪያው። ልጅቷ ማታ የጠየቀችን ቃል በቃል ያው ነው። መዝሙሩ ከዚያ በኋላ የሚያድረውን ሰው ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ "ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር" ይመጣል። ሐጂው ወደኔ አላዩም። ባያዩም ገብቶኛል። ዲያቆኑ ሆን ብሎ አልመረጠውም፤ ተራው ሆኖ ነው።

አንድ ነገር ግን ላንሣ፤ ታሪኩ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል። ከሣልስቱ በኋላ ነገሩን በየደረጃው ስናወራ፣ ሁሉንም ወደ ድሮው እንመልስ የሚል ስሜት መጣ። መምህርም ያዘነበለው ወደዚያ ነበር። ያስቆሙን ሴቶቹ ናቸው። የሴቶቹ ተጠሪ፣ እትዬ የምንላቸው፣ "እናንተ ድንኳን ውስጥ ስለ መተሳሰብ ስታወሩ እኛ ጭስ ውስጥ ነበርን" አሉ። አምስት እንጀራ ዛሬ ስንት ብር እንደሆነ ቆጠሩልን። ከጤፉ በላይ እንቅልፉን ቆጠሩልን። የሟች የሩቅ ዘመድ እንኳ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እነሱ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ለቅሶ እንኳ ተቀምጠው እንዳላለቀሱ ነገሩን። እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ ልክ ነበር። የማይከፈልበትን ድካም ወጪ ብሎ መጥራቱ ክብር ነው። "ባህል ነው" ተብሎ የተሸፈነውን ሸክም የገለጠው የኔ ሁለት ገጽ ነው፤ ይህን አልመልስም። መምህርም አመነ። የሱ ሙያም የራሱ ዕውር ቦታ አለው፤ ሥርዓት ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ማን እንደሚያጥብ አያይም።

ስለ ቅጣቱ ግን ተሸንፌያለሁ። ያሳፈረኝ መረጃው በራሴው ሙያ ውስጥ ተቀምጦ መቆየቱ ነው። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ከተማ ውስጥ 10 የሕፃናት ማቆያዎችን ተከታትለዋል። ልጁን ለመውሰድ የሚያረፍድ ወላጅ እንዲቀጣ ሲደረግ አርፋጁ ቀነሰ? በዛ እንጂ፣ ወደ እጥፍ ግድም። ቅጣቱ ዋጋ ሆነ፤ ዋጋ ደግሞ ከከፈሉ አያሳፍርም። ከሁሉ የከፋው ቅጣቱ ሲነሣ የድሮው ሰዓት አክባሪነት አለመመለሱ ነው። ይህን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ፈተናም ላይ መጥቶልኛል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ትዝ አላለኝም።

የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝም ትዝ አላለኝም። የግላስጎው የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበር፤ ኮርሱ ስለ ፈጣሪ የሚያስተምር ክፍልም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የሚከፈተው ለሰው በማዘን ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም የሚያበቃው ለሙታን ሳይቀር እናዝናለን በሚል ነው። ሙያዬ ከድንኳን ያን ያህል ሩቅ አልተወለደም ማለት ነው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ስለ አገሮች ሀብት የጻፈው ሁለተኛው መጽሐፉ ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ጠቅላላ ስብሰባ ጠራን። ጥፋቴን ተነስቼ ተናገርኩ፤ እንደ ድሮው ቀሪ። 50 ብሩ አልተነሣም፤ ግን ብቻውን አይበቃም ተባለ። ያልመጣ ሰው ወይ ስብሰባ ላይ ይነሣል፣ ወይ ሐዘንተኛው ቤት ራሱ ሄዶ ይናገራል። አስቀድሞ መክፈል ቀረ። ምግቡ በክፍያ ቀጠለ። ባልና ሚስቱ ከሥራ ስለሚያመሹ ሌሊቱን እኛ እናድራለን አሉ። ይህ ማንም ያልጠበቀው ነበር። አሁን ከማንም በላይ የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ቀብር የሚሄደው ሰው ግን አሁንም እንደ ድሮው አይደለም። ሃይፋም እንዲሁ ነበር። አንዴ ዋጋ የወጣለት ነገር ዋጋው በልብ ይቀራል። ዛሬም ስብሰባ ላይ "50 ብሬን ከፍያለሁ፣ ምን ቀረብኝ?" የሚል አይጠፋም፤ ማን እንዳስተማረው ስለማውቅ ዝም እላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቅዷል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ዘምዘምን የመሰለ ሙሉ በሙሉ ያለ ወለድ የሚሠራ ባንክ አለ። ተቀማጩ ወደ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይዙር ተባለ። እስከዚያ የመጣው ወለድ ምን ይሁን በሚለው ግን አልተስማማንም። ሐጂው ለምስኪን ይሰጥ አሉ። እኔ ድንኳኑ ያፈስሳል፣ ሸራ እንግዛበት አልኩ። ሐጂው በወለድ ሸራ ሥር አልቀመጥም አሉ። አጀንዳው ለሚቀጥለው ወር አድሯል።

መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ ከፍቻለሁ። ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ስም ይጻፍበታል። መጀመሪያ በሰዓት ቆጥሬ ከታች ድምር ልሠራለት አስቤ ነበር። ዳኛው መዝገቡን አዙረው አዩና፣ "ጻፈው እንጂ አትደምረው" አሉኝ። ከዚያ ስለ ሸራው ጠየቁኝ፤ ዋጋውን ከመርካቶ አጣርቼ ነበር።